ትርፏ ብሎን

ሰዓት ሠሪው በዚህች ዓለም ላይ ከልቡ የሚጠላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛዋ «ገደማ» የምትባለው ቃል ናት። ሁለተኛዋ ከጥገና በኋላ ጠረጴዛ ላይ የምትቀር ትርፍ ብሎን ናት። እንዳለመታደል ሆኖ የሚስቱ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው፤ አፉን በከፈተ ቁጥር «ገደማ» ይላል፣ ኪሱን ባራገፈ ቁጥር ብሎን ይረግፋል። ሰዓት ሠሪው «መዶሻ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። እሱ ግን መቀየም ሲገባው ስሙን ወደደውና ጋራዡ በር ላይ በቀይ ቀለም ጻፈው።

ሁለቱ ይዋደዳሉ። ይዋደዳሉ እንጂ አይተማመኑም። ከሦስት ዓመት በፊት መዶሻ የእህቱን ሞተር ሳይክል ፍሬን ሠርቶ ሲመልስ፣ ቁልፉን ለእሷ ሰጠና ከኪሱ ሁለት ብሎኖች አውጥቶ በሰዓት ሠሪው መዳፍ ላይ አኖረ።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ተርፈው ነው፣ ጋሼ።»

«ከየት ተርፈው?»

«ፋብሪካው አንዳንዴ ያበዛዋል።»

ሰዓት ሠሪው ያን ቀን ራት አልወርድልህ አለው። ፍሬኑን መልሶ ፈታና ሦስት ቀን ሙሉ ለሁለቱ ብሎኖች ቦታ ሲፈልግ ከረመ፤ በሦስተኛው ቀን የሁለቱንም አገኘ። ሚስቱ ደግሞ በነዚያ ብሎኖች ጉድለት ኮረብታውን ወርዳ ቢሆን ኖሮ ብሎ ሲያስብ ላብ አጠመቀው። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሠሪው፣ መዶሻ ያቺን ሞተር ሳይክል ከመግፋት በቀር በሌላ ነገር እንዳይነካት ብሎ ማለ።

ሞተር ሳይክሏ «እሜቴ» ነው የምትባለው። ስሙን ያወጡላት ከኮረብታው ማዶ ያሉ እናቶች ናቸው። የሰዓት ሠሪው ሚስት አዋላጅ ስትሆን የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በእሜቴ ኮረብታውን ወጥታ ወርዳለች። ምጥ የያዛት ሴት የሞተሩን ድምፅ ገና ከሩቁ ስትሰማ «እሜቴ መጣችልኝ!» ብላ ትጽናናለች። ባልየው ሰዓት እየጠገነ ቤት ይውላል እንጂ መንዳት እንኳ አይችልም፤ ሲሄዱ እሷ ትነዳለች፣ እሱ ከኋላ ይቀመጣል።

በዚያ ዓመት ግን እሜቴ ዕድሜ ተጫናት። መጀመሪያ ዘይት መጠጣት ጀመረች። ቀጥላ ሰማያዊ ጭስ ትለቅ ጀመር፤ ጎረቤቶች ስትመጣ ሲያዩ ያሰጡትን ልብስ እየሰበሰቡ ያስገቡ ነበር። ከዚያ ሞተሩ ከውስጥ ማንኳኳት አመጣ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ኮረብታው ወገብ ላይ ቀጥ አለች። አዋላጇም ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች እየገፋች ወደ ቤት መለሰቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትመላለሰው በአውቶቡስ ሆነ፤ አውቶቡሱ ጠዋት አንዴ ይሄዳል፣ ሲመሽ አንዴ ይመለሳል፣ እሑድ ጭራሹኑ የለም።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህም ተችሎ ይታለፍ ነበር። ነገሩን ያከበደው ልጃቸው ናት። አንዲት ልጃቸው ያገባችው ከኮረብታው ማዶ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ጤና ጣቢያው ሌላም ጎበዝ አዋላጅ ስላለው ለክፉ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ልጅቷ ግን «እማዬ፣ አንቺ ካልመጣሽ አልወልድም» ብላለች። እናትየዋም «የኔ እናት፣ ከእኔ እጅ ቀድሞ የሚነካው እጅ የለም» ብላ ቃል ሰጥታለች። ሰዓት ሠሪው ይህን ሲባባሉ አጠገባቸው ነበር። የሰው ልጅ ስትቀበል የኖረች ሴት የራሷን የልጅ ልጅ ሳትቀበል ብትቀር በአንጀቷ ምን ይዛ እንደምትኖር ለማወቅ ከሱ የተሻለ ሰው አልነበረም።

መዶሻ ወሬውን ሰምቶ ከነዘይቱ ከነግራሶው ከች አለ።

«ጋሼ፣ ስጠኝ። በሁለት ቀን ገደማ ነፍስ እዘራባታለሁ።»

«እኔው ራሴ እሠራታለሁ» አለ ሰዓት ሠሪው።

«አንተ? ጋሼ፣ ይኼ እኮ በወረንጦ የሚያዝ ሥራ አይደለም!»

«ማሽን ማሽን ነው። ያንተው ትልቅ ይሁን እንጂ ከሰዓት የሚለየው ጊዜ አለማወቁ ብቻ ነው።»

አዋላጇ አንዴ ባሏን አንዴ ወንድሟን አየች። «ልጄ ከመውለዷ በፊት ትነሳልኝ እንጂ» አለች፣ «ከፈለጋችሁ በማንኪያ ሥሯት።»

እንዲህ ሆኖ ሰዓት ሠሪው ሱቁን ዘጋና ሳሎኑን ጋራዥ አደረገው። መስኮቱ ሥር ያለውን የምግብ ጠረጴዛ ነጭ አንሶላ አለበሰ፤ ሞተሩን ከእሜቴ አውርዶ እዚያ ላይ አስተኛው። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አንድ ብሎን በፈታ ቁጥር በትንሽ ፖስታ ይከታታል፤ በፖስታው ላይ በቀጭን እስክሪብቶ ይጽፍበታል፦ «የላይ ክዳን፣ ከፊት፣ በግራ። ትንሽ ጠብቃ ነበር።» ፖስታዎቹ ስድሳ ሦስት ደረሱ። ጠረጴዛው ስለተያዘ ባልና ሚስት አልጋ ላይ ተቀምጠው ሳህን በጉልበታቸው ይዘው ይበሉ ጀመር። «ባሌን ለእሜቴ ዳርኩት» ትላለች አዋላጇ ለጎረቤት፤ «ሁለቱም ደስተኞች ናቸው።»

ሞተሩ ሲከፈት ጉዱ ወጣ። ሲሊንደሩ ውስጡ ተጭሯል፤ ፒስተኑ ላልቷል፤ ዘይት የሚከለክሉት ቀለበቶች አልቀው ስለት ሆነዋል። ሰዓት ሠሪው ሲሊንደሩን በፎጣ ጠቅልሎ ቶርኖ ቤት ወሰደውና በአዲሱ ፒስተን ልክ አስፋፋው። እዚያው ቆሞ ሦስት ጊዜ ለካ፤ አራተኛ ሊለካ ሲል ቶርኖ ሠራተኛው ማሽኑን አጠፋ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ለሞተር ሳይክል ነው ወይስ ጨረቃ ላይ ልትወጣበት ነው?»

«ሚስቴ ናት የምትቀመጥበት» አለው ሰዓት ሠሪው፤ ሰውየውም ለአራተኛው ልኬት መለኪያውን ራሱ አቀበለው።

ከሲሊንደሩ ሥር ጓርኒሲዮን የምትባል ስስ ወረቀት ትነጠፋለች፤ ሥራዋ ብረትና ብረቱን አሽጋ ዘይት እንዳይተፋ ማድረግ ነው። አሮጌዋ ተቦጫጭቃለች፤ አዲስ ቢፈለግ ቢፈለግ ታጣ። ሰዓት ሠሪው ራሱን የቻለ የጓርኒሲዮን ወረቀት አመጣና አሮጌዋን ከላይ አስተኝቶ በምላጭ ጫፍ አስመስሎ ይቆርጥ ገባ። አሮጌዋ በአንድ ጎኗ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ነበረቻት፤ ዙሪያዋ ተበልቷል። ሰዓት ሠሪው በመነጽሩ አይቶ አዘነላት። «አይ እርጅና» አለ። በአዲሷ ላይ ያቺን ጉድለት አልደገማትም። ሲጨርስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ያያት ጓርኒሲዮን እንከን አልነበራትም፤ ሚስቱንም ጠርቶ አሳያት። እሷም ምኑ እንደሚደነቅ ባይገባትም አደነቀችለት። አሮጌዋን እንኳ አልጣላትም፤ እንደ ልማዱ ፖስታ ውስጥ አስገብቶ «አሮጌ ጓርኒሲዮን» ብሎ ጻፈባት።

በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሞተሩን ወደ እሜቴ ለመመለስ የሁለት ሰው ጉልበት አስፈለገና መዶሻ ተጠራ። ተሸክመው ግቢ ካደረሱት በኋላ መዶሻ ሊታጠብ ገብቶ ሳሎኑን ሲያይ ሳቁ መጣ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ፖስታ ለማን ሊላክ ነው?»

«እያንዳንዷ ብሎን ወደ ቤቷ ልትመለስበት ነው። በዚህ ቤት ትርፍ የሚባል ነገር የለም።»

«አንድም አይተርፍም?»

«አንድም!»

«እስቲ እናያለን» አለ መዶሻ። በዚህ መሃል ሰዓት ሠሪው የተጣበቀ የማር ብልቃጥ እንዲከፍት ወደ ማድ ቤት ተጠርቶ ሄደ። ሲመለስ መዶሻ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ጣሪያውን እያየ ያፏጫል። ሰዓት ሠሪው ምንም አልጠረጠረም፤ የመዶሻ ፉጨት ሁልጊዜም ምክንያት የለውም።

እሑድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻዋ ፖስታ ባዶ ሆነች። አዋላጇ ከቤት ወጥታ እሜቴ ላይ ተቀመጠች። መርገጫውን አንዴ ረገጠች፤ ሞተሩ አከክ ብሎ ዝም አለ። ደገመች፤ አሁንም አከክ። በሦስተኛው ግን ሞተሩ አንዴ ጮኸና ወጥ በሆነ ድምፅ ይንደቀደቅ ጀመር። ጭስ የለ፣ ማንኳኳት የለ። አዋላጇ ከወንበሯ ዘላ ወርዳ የባሏን አንገት አቀፈችው። እሱ ደግሞ የእጅ ሰዓቱን እያየ ቆጥሮ ልክ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ሞተሩን አጠፋ፤ አንጀቱ ግን ቅቤ ጠጥቷል። ለመዶሻ ሊፎክሩበት ቢደውሉ ስልኩ አይሠራም፤ ከንጋት ጀምሮ ድንጋይ መፍለጫው ዘንድ የተሰበረ ከባድ መኪና ሊጎትት ሄዷል።

ሰዓት ሠሪው በጥጋብ እያንጎራጎረ ሳሎኑን ሊያጸዳ ገባ። ነጩን አንሶላ አንስቶ አራገፈው። ከጫፉ ሥር አንድ ነገር ወደቀና ወለሉ ላይ ቅጭል ብሎ ተንከባለለ።

ብሎን ናት።

ክው ብሎ ቀረ። አነሳት፤ ለካት። ሞተሩን ካሰሩት ብሎኖች ጋር አንድ ልክ ናት፣ አንድ ዓይነት ጥርስ አላት። ስድሳ ሦስቱን ፖስታዎች ከቅርጫቱ አውጥቶ አንድ በአንድ ቢፈትሽ ሁሉም ባዶ ናቸው። ታዲያ ይቺ ከየት መጣች? ገና ሲፈታ ፖስታ ሳትገባ ያመለጠችው ብሎን መሆን አለባት። ሞተሩ ውስጥ አንድ ቦታ ባዶውን ቀርቷል ማለት ነው።

በዚሁ ቅጽበት የአዋላጇ ስልክ ጮኸ። የልጃቸው ባል ነው፤ ድምፁ ራሱ ምጥ የያዘው ይመስላል።

«እማማ፣ ጀመራት! ጤና ጣቢያ ነው ያለነው!»

«በየስንት ደቂቃው ነው?»

«እኔ እንጃ! ብቻ እየመጣ ይሄዳል!»

አዋላጇ ስልኩን ለባሏ አቀበለችው፤ ሰዓት መያዝ የሱ ሥራ ነው። ሁለት ምጥ ጠብቆ «አሥራ ሁለት ደቂቃ» አለ። እሷም ቦርሳዋን ከመስቀያው አወረደች።

«የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ አይቸኩልም። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ግን እዚያ መገኘት አለብኝ። ሂድ፣ ጃኬትህን ልበስ።»

ሰዓት ሠሪው አልተንቀሳቀሰም። መዳፉን ዘረጋ። ሚስቱ ብሎኗን አየች፤ ቀና ብላ ፊቱን አየች።

«ኧረ በሕግ! ዛሬማ አይሆንም!» አለች። «ተነስታለች እኮ! በጆሮዬ ሰምቻታለሁ!»

«ያኔም ፍሬኑ ይሠራ ነበር።»

አዋላጇ ያን የፍሬን ነገር ታስታውሳለች። ልጇ ማዶ ሆና እየጠራቻት ነው፤ ባሏ እዚህ አንዲት የጣት ጥፍር የምታክል ብረት ይዞ ቆሟል። ተናዳ ልትጮህበት ሁሉ ነበር። ዓይኑን ስታየው ግን ከእሷ ይልቅ የተጨነቀው እሱ ነው።

«ስንት ደቂቃ ትፈልጋለህ?»

«ሰማንያ አምስት።»

«ሰማንያ አምስት ገደማ?»

«ሰማንያ አምስት።»

ቦርሳዋን መልሳ ሰቀለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ጀምር» አለች። «የምትፈልገውን ጥራ፣ አቀብልሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የነበረውን ማንም ቢያይ ማዋለጃ ክፍል ነበር የሚመስለው። እሱ እጁን ዘርግቶ «አሥር ቁጥር መፍቻ!» ይላል፤ እሷ መዳፉ ላይ ታኖርለታለች። «ካቻቢቴ!» ይላል፤ ታቀብላለች። የሚፈታውን ደግሞ ተቀብላ በተራ በተራ በፎጣ ላይ ትደረድራለች፤ እጇ ባዶ በሆነ ቁጥር ለወንድሟ ትደውላለች፣ የሱ ስልክ አሁንም አይሠራም። በየመሃሉ ስልኩ ይጮህና አማቻቸው «መጣ! መጣ! ሄደ!» ይላል፤ ሰዓት ሠሪው አንገቱን ሳያነሳ ይቆጥራል። አሥራ አንድ። አሥር ተኩል።

የሞተሩን የላይ ክዳን ገና ሲያነሳ እጁ ቆመ። ውስጡ ደረቅ ነው። ያ ሁሉ የሚሽከረከርና የሚወዛወዝ ብረት ሲገጥም ራሱ ከቀባው ስስ ዘይት በቀር ምንም አልነካውም። ሞተሩ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሠርቷል፤ ዘይት ከሥር ወደ ላይ ወጥቶ ይህን ሁሉ ማጥገብ ነበረበት። ዘይት ያልደረሰው ብረት በብረት እየተፋተገ ይግላል፤ ከጋለ በኋላ ደግሞ ይነክሳል። እንዲህ ሆኖ ቢወጡ ኖሮ ኮረብታው ወገብ ላይ ይቀሩ ነበር፣ ያውም በማይጠገን ሞተር።

ይህ ደግሞ የብሎን ጉዳይ አይደለም። ዘይቱን መንገድ ላይ የያዘው ሌላ ነገር ነው።

ወደ ሳሎን ሮጠ። ባዶዎቹን ፖስታዎች በትኖ «አሮጌ ጓርኒሲዮን» ያለባትን አወጣና አሮጌዋን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ። የምስር ፍሬ የምታክለው ቀዳዳ ቁልጭ ብላ ታየችው። እርጅና አልበላትም ነበር፤ ፋብሪካው ነው የበሳት። ዘይቱ ወደ ላይ የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። እሱ ግን ጉድለት መስላው፣ ሥራው እንዲያምርለት ብሎ፣ በገዛ እጁ ዘጋት። ያን የመሰለ ጓርኒሲዮን ቆርጦ ሚስቱን ሊገድላት ነበር። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ ከግቢ።

«መጣሁ» አለ። ሲሊንደሩን አንስቶ ጓርኒሲዮኗን አወጣ፤ የሰዓት ቆዳ ማሰሪያ በሚበሳበት መብሻ አንዴ ጠቅ አደረጋት። ያቺን ቀዳዳ ከአሮጌዋ ጋር አመሳክሮ፣ በእስትንፋሱ እፍ ብሎባት፣ መልሶ አነጠፋት። ሚስቱ ስታቀብል የነበረው መፍቻ ነውና ምን እንደዘጋ ምን እንደከፈተ አላወቀችም።

በሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ የመጨረሻዋ ብሎን ጠበቀች። አዋላጇ አስነሳቻት፤ እሱ የላይዋን የዘይት መሙያ ከፍቶ አየ። ዘይቱ እየፈነጠቀ ጣቱን አለበሰው። ይህን ሁሉ ሲፈታና ሲገጥም ግን አንድም ባዶ ቦታ አላገኘም። ትርፏ ብሎን አሁንም መዳፉ ላይ ናት።

ስልኩ ጮኸ። ሰባት ደቂቃ።

ሚስቱ ቦርሳዋን አንግታ እሜቴ ላይ ተቀምጣለች። እጇን መሪው ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች። ሰዓት ሠሪው ሞተሩን አየ፣ ብሎኗን አየ፣ ሚስቱን አየ። ሃያ ስምንት ዓመት በሠራበት ሙያ ትርፍ ብሎን ይዞ ከጠረጴዛ ተነስቶ አያውቅም። ብሎኗን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ጣላትና ከኋላዋ ተፈናጠጠ።

«ቀስ በይ» አለ። «አዲስ ፒስተን ነው፣ አይቸኮልበትም።»

«ለፒስተኑ ንገረው» አለች፤ «ልጄ ናት የምትቸኩለው።»

ኮረብታው መጣ። እሜቴ ያን የቆመችበትን ቦታ አለፈችው፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ነበርና አንድ ላይ ተነፈሱ። እሱ በአንድ እጁ የሚስቱን ወገብ ይዟል፣ በሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። መንገዱ ባነጠራቸው ቁጥር ብሎኗ ደረቱን ትነካዋለች። በነካችው ቁጥር ያዳምጣል፦ አልላላም፣ አላንኳኳም፣ አልጨሰም። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ «ስድስት!» ብሎ ጮኸላት፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ «አምስት ከአሥር ሰከንድ!» አዋላጇ ሞተሩን ሳታጠፋ ወርዳ እየሮጠች ገባች። ከውስጥ የልጃቸው ድምፅ ተሰማ፦ «እማዬ! የሞተሩን ድምፅ ሰማሁት!»

ሰዓት ሠሪው ሞተሩን አጠፋና ከበሩ ውጪ ካለው አግዳሚ ላይ ዘፍ አለ። አማቹ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ። ከዚያ የመጎተቻ መኪና በአቧራ ደመና ታጅባ ግቢው ውስጥ ገባች፤ መዶሻ ነው። ኔትወርክ ያለበት ሲደርስ የእህቱን አሥራ አንድ ጥሪ አይቶ እየበረረ መምጣቱ ነው።

«ደረሰች? ጋሼ፣ እትዬ ደረሰች?»

«ደረሰች። ግን ለትንሽ ነው የተረፍነው» አለና ሰዓት ሠሪው ብሎኗን ከኪሱ አወጣ። «ይቺ ናት ሰማንያ አምስት ደቂቃ የበላችብን። ሞተሩን እንደገና አፍርሼ ሠራሁት፤ ቦታዋን እስካሁን አላገኘሁም።»

መዶሻ ብሎኗን ሲያይ ቀልቡ ተገፈፈ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ጋሼ... ይቺ የኔ ናት።»

«የምን ያንተ?»

«ትላንት ማር ልትከፍት ስትሄድ አንሶላው ሥር የሸጎጥኳት እኔ ነኝ። ማታ ደውዬ ልስቅብህ ነበር። ስልኬ ቻርጅ ጨርሶ ዘጋ፤ ጠዋት ደግሞ ይኼ ጉተታ መጣ። ምጥ እንደሚይዛት በምን ልወቅ? ባትደርስ ኖሮ እትዬ ዓይኔን አታየውም ነበር፤ እኔም አላየውም። ምታኝ ከፈለግክ።»

ሰዓት ሠሪው ብሎኗን በጣቶቹ መሃል አገላበጠ። ሃያ ስምንት ዓመት ያከበሩት እጆቹ ናቸው። ስለ ጓርኒሲዮኗ ከሱ በቀር ማንም አያውቅም። ዝም ቢል ጥፋቱ ሁሉ የመዶሻ ነው፤ ሞተሩም ከመጀመሪያው ያለ እንከን የተሠራ ሆኖ ይቀራል። ቢናገር ደግሞ ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። እያንዳንዱን ግብዣ፣ እያንዳንዱን የቤተሰብ ስብሰባ በዓይነ ሕሊናው አየ። መዶሻ ግን ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ጫማውን እያየ ነው፤ እንደዚያ ሆኖ አይቶት አያውቅም። አንጀቱን በላው።

«ተቀመጥ» አለው። «ዘይቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ዘግቼዋለሁ።»

«ምን?»

«ጓርኒሲዮኗን ስቆርጥ ቀዳዳዋ ጉድለት መሰለችኝና ተውኳት። ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት አልደረሰም ነበር። ያንተን ብሎን ቦታ ልፈልግ ብዬ ከፍቼ ነው ያየሁት። ብሎኗ ባትኖር እህትህን ኮረብታው ላይ አስቀርቻት ነበር።»

መዶሻ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጥርሱ ቀስ በቀስ መታየት ጀመረ።

«ጋሼ» አለ። «ጋሼዬ! በወረንጦ የሚሠራው ጋሼዬ የዘይት መንገድ ዘጋ!»

«ሳቅ እንግዲህ። ሳቅ።»

«ታዲያ ብሎኔን መልስልኛ።»

«አልመልስም» አለ ሰዓት ሠሪው፤ መልሶ ኪሱ ከተታት። መዶሻ እየሳቀ ትከሻውን አቀፈው፤ ያ ዘይታም እጅ ንጹህ ሸሚዙ ላይ አምስት ጣት ሲያትም እንኳ ምንም አላለም።

በዚህ መሃል ነው ከውስጥ ያ ድምፅ የተሰማው፤ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ አዲስ ድምፅ። አማቻቸው ባለበት ቆሞ ቀረ። መዶሻ ሳቁን አቁሞ ብድግ አለ።

«ሴት ናት!» ብላ ጮኸች አዋላጇ በመስኮቱ በኩል፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነው። «በእጄ ናት! ሰዓት ስንት ነው?»

የጤና ጣቢያው የግድግዳ ሰዓት ለጥገና ሰዓት ሠሪው ሱቅ ከገባ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ በእሜቴ ምክንያት ገና አልተነካም። ስለዚህ የሚጠየቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ የእጅ ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። ቁጥሮቹ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስል ይዋኛሉ። ዓይኑን ጠረገ፤ መልሶ ሞላ። ደግሞ ጠረገ።

«ሰዓት ስንት ነው? መዝገቡ ላይ ልንጽፍ ነው!»

«አሥር ሰዓት...» አለ ሰዓት ሠሪው። «አሥር ሰዓት ገደማ!»

መዶሻ አንገቱን መዝዞ አየው።

«ማነው እሱ?» አለች አዋላጇ። «መዶሻ፣ አንተ ነህ? ባሌን ጥራልኝ!»

«እኔ ነኝ!» አለ ሰዓት ሠሪው። «ገደማ ብለሽ ጻፊ!»